ወንዝ የከበበው፣ ውኃ የጠማው አገር
(የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መልክዓ ምድርና ወንዞች)

ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

«የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ተረት የሚጠቅሰው ሀብት በደጁ እያለ ለተቸገረ ሰው ምሳሌ ሊያደርገው ነው። ለእኔ ግን ምሳሌ አይደለም፤ የተወለድኩበት አገር አድራሻ ነው። የተወለድኩት ስማዳ ነው። አባይ ከበታቻችን ነው፤ በሽሎም ከበታቻችን ነው። እኔ ደግሞ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቢጫ ጀሪካን አዝዬ ምንጭ ለምንጭ ስንከራተት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ባለፈው ዓመት ፍሬሽማን ሳለን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ባሕረ ገብ መሬት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ ልጅ ቶሎ ብሎ «በሦስት ጎን በውኃ የተከበበ፣ በአንድ ጎን ብቻ ከዋናው ምድር ጋር የተያያዘ መሬት ነው» አለ። መምህሩም አረቢያን፣ ኮሪያን፣ በመጨረሻም በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ጫፍ ያለችውን ካምቻትካን በሰሌዳው ላይ ሣለልን። ስለ ካምቻትካ ሲያስረዳ እሳተ ገሞራ የሠራት፣ ወንዝ የበዛባት፣ መንገድ የማይደርስባት ሩቅ አገር ናት አለ። እኔም ሳላስበው «ይሄማ የእኛ አገር ነው!» ብዬ ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ባሕር የሌለው ባሕረ ገብ መሬት የት አለ!

ከክፍል ስንወጣ አንዷ የዶርሜ ልጅ «ስማዳ ማለት ያ በዜና ድርቅ ድርቅ የሚባለው ነው አይደል?» አለችኝ። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ የሰማችው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። እኔም ያኔ የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ የዘገየ መልሴ ነው። ድርቅ አለ፤ አልክድም። ግን ዝናብ በሚጥልበት፣ በሁለት ታላላቅ ወንዞች በተከበበ ምድር ሰው ለምን ውኃ ይጠማዋል? መልሱ ያለው በምድሩ ቅርጽ ላይ ነው። ስለዚህ ከቅርጹ እንጀምር።

ምላስ የመሰለ ምድር

እስቲ ካርታ ያላችሁ ካርታ አውጡ። አባይ ከጣና ሐይቅ ባሕር ዳር ላይ ይወጣና ጢስ እሳትን አልፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመራል። በቀኙ ጎጃምን፣ በግራው ደቡብ ጎንደርን እያደረገ ይወርዳል። በግራ በኩል እስቴንና አንዳቤትን፣ ቀጥሎ ስማዳን ያገኛል። በሌላ ወገን በሽሎ ከወሎ ደጋ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይመጣል። እሱም በቀኙ ታች ጋይንትንና ስማዳን፣ በግራው ወሎን እያደረገ ይወርድና ስማዳ ጫፍ ላይ ከአባይ ጋር ይገናኛል። ጎጃም፣ ጎንደርና ወሎ በገደል ማዶ ለማዶ የሚተያዩበት ቦታ ይህ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ቆመን ወደ ሰሜን ብንመለከት በፊታችን የሚታየን ምድር ምላስ ይመስላል። በምዕራብና በደቡብ አባይ፣ በምሥራቅ በሽሎ ይዘውታል። ከቀረው አገር ጋር የሚያያዘው በሰሜን በኩል በጉና ተራራና ከእሱ ወደ ምሥራቅ በሚቀጥለው የላይ ጋይንት ከፍታ ብቻ ነው። ዜና አንባቢዎቻችን «የኮሪያ ልሳነ ምድር» ሲሉ ትሰማላችሁ። ልሳን ማለት ምላስ መሆኑን ካስታወስን የእኛንም አገር እንዲሁ ብንለው ስሕተት አይመስለኝም። ልዩነቱ እዚያ ባሕር፣ እዚህ ገደልና ወንዝ መሆኑ ነው።

በአስተዳደር ይህ ምድር ላይ ጋይንት (ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ)፣ ታች ጋይንት (አርብ ገበያ)፣ ስማዳ (ወገዳ) እና እስቴ (መካነ ኢየሱስ) እየተባለ የተከፋፈለ ነው። አንዳቤትና ሰዴ ሙጃ የሚባሉት ወረዳዎችም በዚሁ ምድር ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ በደርግ ዘመን በቻይናዎች የተሠራው ዋና መንገድ የሚያልፈው በምላሱ ሥር ነው። ወደ ጫፉ አይወርድም። በዚያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ነፋስ መውጫ ላይ ብርዱን ተንቀጥቅጦ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። «ጋይንትን አየሁት» ይላል። ያየው ግን ደጃፉን ነው።

የተደፋ ጋሻ

ይህን ምድር ማን ሠራው? እሳት ነው የሠራው።

የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንደሚሉት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ምድር በብዙ ቦታ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የቀለጠ አለት እየፈሰሰ አገሩን አለበሰው። አንዱ ፍሳሽ ይበርዳል፣ ይጠጥራል፤ በላዩ ሌላው ይፈስሳል። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ይህ ለእኛ ብዙ ቢመስልም ለምድር እንደ አንድ ቀን ነው። ድርብርቡ በአንዳንድ ቦታ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው። ያ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ ዛሬ ቤታችንን የምንሠራበት፣ አጥራችንን የምንክብበት፣ ወፍጮ አድርገን የምንፈጭበት ነው።

ከዚያ በኋላ በዚህ ንጣፍ ላይ ራሳቸውን የቻሉ እሳተ ገሞራዎች ተነሱ። የሰሜን ተራሮች ከሁሉም ይቀድማሉ፤ ዕድሜያቸው ከንጣፉ ብዙም አይርቅም። በጎጃም ያለው ጮቄ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። የእኛ ጉና ግን ታናሻቸው ነው፤ ዕድሜው ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ የጮቄን ግማሽ ማለት ነው።

ጉና በመጽሐፍ ሥዕል ላይ እንደምናየው እሳተ ገሞራ ሾጣጣ አይደለም። ከውስጡ የወጣው ቅልጥ አለት ቀጭን ስለነበረ አንድ ቦታ ላይ አልተከመረም፤ እንደ ቀጠነ ሊጥ እየተንሸራተተ ርቆ ሄደ። ስለዚህ ተራራው ሰፊና ለዘብ ያለ ሆነ። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን ተራራ «የጋሻ ቅርጽ ያለው እሳተ ገሞራ» ይሉታል። አያቶቻችን ይዘውት ይዘምቱ የነበረው ክብ ጋሻ መሬት ላይ ተደፍቶ በዓይነ ኅሊናችሁ ይታያችሁ። ጉና ማለት ያ ነው። ዛሬ አይጨስም፣ አይነድም፤ ከቀዘቀዘ ብዙ ዘመኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሳው አናቱ ጅብራ፣ ጓሳና አስታ የሚበቅልበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ቦታ ነው።

የአንድ ተራራ አራት ውኃ

በተደፋ ጋሻ ላይ ውኃ ብናፈስስ ወዴት ይሄዳል? በሁሉም አቅጣጫ ነዋ! የጉናም ወንዞች እንዲሁ ናቸው፤ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከመካከል ተነስተው በዙሪያው ይወርዳሉ።

ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ናቸው። ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የፎገራ ሩዝ የሚበቅልበት ለም አፈር እነዚህ ወንዞች ከላይ እያመጡ የደለደሉት ነው። ሲቆጡ ግን ምሕረት የላቸውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልተው በፎገራና በአካባቢው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅለዋል።

ወደ ደቡብ፣ በእስቴ በኩል፣ እንደ ዋንቃ ያሉት ወንዞች ጣናን ሳያዩ ቀጥ ብለው አባይ ይገባሉ።

ወደ ደቡብ ምሥራቅና ምሥራቅ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል፣ ያለው ውኃ ደግሞ በሽሎ ይገባል። በሽሎም ለአባይ ያስረክበዋል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከጉና ወደ ምሥራቅ በሚቀጥለው ከፍታ ላይ ከነፋስ መውጫ እስከ ጨጨሆ ስትሄዱ የምትሄዱት በውኃ ክፍፍል ጀርባ ላይ ነው። ከጀርባው በስተደቡብ የጣለው ዝናብ ወደ በሽሎ ሲሄድ በስተሰሜን የጣለው ወደ ተከዜ ይሄዳል። የነፋስ መውጫ ስምም ከዚህ ቦታ ጋር የሚሄድ ነው። ከተማው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ላይ፣ በሁለት ቆላዎች መካከል የቆመ ነው። ከዚህም ከዚያም የሚወጣው ነፋስ የሚተላለፈው በእሱ በኩል ነው።

እንዲህ ከሆነ ይህ ምድር የውኃ ማማ ነው ማለት ነው። ለጣና ይሰጣል፣ ለአባይ ይሰጣል፣ ለተከዜ ይሰጣል። ለራሱስ?

ውኃን ከላይ ሆኖ ማየት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን።

አባይና በሽሎ በሚገናኙበት ቦታ የወንዙ ወለል ከ1,300 ሜትር በታች ነው። የጉና አናት ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ከአንዱ ምድር አናት እስከ እግሩ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ጉና ላይ ገብስና ድንች የሚዘራ ገበሬ ጋቢውን ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ በዚያው ሰዓት በበሽሎ ቆላ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ በላብ ይጠመቃል። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚባለውን ትምህርት ለመማር ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን መውረድ ይበቃል።

ሰው የሚኖረው በብዛት ከላይ ነው። ለምን ወደ ወንዙ አልወረደም? አንደኛ፣ ቆላው የወባ አገር ነው፤ አያቶቻችን «ንዳድ» እያሉ ይሸሹት ነበር። ሁለተኛ፣ የሚታረስ ሜዳ ያለው ከላይ ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው ገደል ነው። እናም ሰው ወንዙን ከላይ ሆኖ ያየዋል እንጂ አይጠጣውም። ያን ያህል ከፍታ ውኃ ለመሳብ ደግሞ ሞተር፣ ነዳጅና ገንዘብ ይፈልጋል። ለአንድ ቀበሌ ገበሬ የማይታሰብ ነው።

ታዲያ ከምን ይጠጣል? ከምንጭ። ምንጩ የሚገኝበት ቦታም ያው የእሳተ ገሞራው ሥራ ነው። ከላይ እንዳልኩት ምድሩ ድርብርብ ነው። በጠንካራዎቹ የባዛልት ንጣፎች መካከል አመድና ሸክላ የመሰለ ለስላሳ ንጣፍ አለ። ዝናብ በባዛልቱ ስንጥቅ ገብቶ ይወርድና ሸክላው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ ሥር ብቅ ይላል። ለስላሳው ንጣፍ በጎርፍ ቶሎ ስለሚበላ ጠንካራው ከላይ እንደ መደብ ቀርቶ ምድሩ ደረጃ በደረጃ ሆኗል። ቤትና እርሻ መደቡ ላይ፣ ምንጩ ከመደቡ በታች ገደሉ ሥር! እኔና እኅቴ ባዶ ጀሪካን ይዘን ስንወርድ ግማሽ ሰዓት፣ ተሸክመን ስንወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብን ነበር። ያኔ «ሰዎቹ ለምን ምንጩ አጠገብ ቤት አልሠሩም?» እያልኩ እናደድ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ካምፓስ ከገባሁ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ምላሱ ጠባብ ነው። በግራም በቀኝም በገደል ስለተቆረጠ ወደ ውስጥ የገባው ውኃ በሁለቱም ጎን ሾልኮ ይወጣል። ወንፊት ላይ ውኃ እንደማጠራቀም ቁጠሩት። ዛፉና ቁጥቋጦው በተመነጠረበት ቦታ ደግሞ ዝናቡ ወደ መሬት ለመስረግ እንኳ ጊዜ የለውም፤ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ በየጥጉ ፏፏቴ የምታዩበት ገደል ሚያዝያ ላይ ነጥብ ውኃ አይገኝበትም። ክረምቱ ዘግይቶ ከገባ ወይም ቀድሞ ከወጣ የተዘራው ሳያፈራ ይቀራል። የምርታማ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይና ታች ጋይንትና ስማዳ የገቡበት ምክንያት ይህ የተደጋገመ ችግር ነው። ዜናው «ድርቅ» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልፈው ነገር እንግዲህ ይህን ሁሉ የያዘ ነው። የዝናብ ማነስ አንዱ ነው፤ የጣለውን ዝናብ መያዝ አለመቻል ግን ሌላውና ዋናው ነው።

ወንዝ እንደ ግንብ

ወንዝ ለብዙ አገር መንገድ ነው፤ ጀልባ ይሄድበታል፣ ንግድ ይተላለፍበታል። ለእኛ ግን ግንብ ነው።

ይህን ከእኛ በፊት ያዩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው ነበር። መድፉ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፈው፣ የጅጣን ገደል ወርደውና ወጥተው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ በመኪና በሰዓታት የሚገመት መንገድ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። በየገደሉ መንገድ እያስቆፈሩ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው መድፉን በገመድ እየጎተተ ማለት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። የታሪክ መምህራን ስለ እንግሊዞቹ ብዙ ይነግሩናል። ንጉሡ ከእንግሊዞቹ በፊት የተዋጉት ግን ከዚህ መልክዓ ምድር ጋር ነው።

ሌላው ምስክር ሰባራ ድልድይ ነው። በጎጃም ሞጣና በጎንደር አንዳቤት መካከል በአባይ ላይ የተሠራ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረና ስሙም በዚያው ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ሙሉ ሰው የሚሻገረው እንዴት ነበር መሰላችሁ? በተሰበረው በኩል ገመድ ተዘርግቶ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች እየጎተቱት! ታችኛው አባይ ነው። አንድ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶ ይህን አሳየ። ፎቶውን ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 አየው። ዝም ብሎ አላለፈውም። በማግሥቱ ዓመት ድልድዩ ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 አባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ። ሰውየው በዚያ ፎቶ ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት በሌሎችም አገሮች ብዙ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል።

ሦስተኛው ምስክር እኔ ነኝ። አክስቴ የተዳረችው በሽሎ ማዶ፣ ሳይንት ነው። ከእኛ ቤት በላይ ካለው ጫፍ ላይ ሆነን የእነሱን አገር እናየዋለን፤ ሌሊት እሳታቸው ሳይቀር ይታያል። በበጋ ወንዙን በእግር ተሻግራ ትመጣለች፤ ጧት ተነስታ ማታ ትደርሳለች። በክረምት ግን አይታሰብም። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አያቴ ዐረፈች። አባቴ ለአክስቴ ስልክ ደወለላት። አክስቴ የናቷን ቀብር በስልክ አለቀሰች። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩ ከፍ ተደርጎ ተከፍቶ፣ ለቀስተኛው ዝም ብሎ፣ የእሷ ድምፅ ብቻ «እናቴ፣ እናቴ» ሲል ይሰማ ነበር። በኋላ ባትሪው አለቀ። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴን «ለምን አትመጣም?» ስለው «ልጄ፣ ድምፅ ይሻገራል፤ ሰው ግን አይሻገርም። ወንዙ እስኪጎድል ጠብቂ» አለኝ። አክስቴ የመጣችው ኅዳር ላይ ነው። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎበት አገኘችው።

የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አባይ ይዞት የሚዞረው ግን ግንድ ብቻ አይደለም። በክረምት ወንዞቻችን ቡና የመሰሉት የእኛን አፈር ተሸክመው ስለሆነ ነው። ምድሩ ተዳፋት ነው፤ እርሻው ገደል ጫፍ ድረስ ደርሷል፤ ዝናቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠራቅሞ ይወርዳል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ አፈር አይቆምም።

አሁን ይህ የእኛ የገበሬዎቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ይህ ግድብ ውኃውን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ይቀበላል። የእስቴና የስማዳ ማሳ ሲታጠብ ገበሬው ምርቱን ያጣል፤ ግድቡ ደግሞ ደለል ይገባበታል። በጋይንት ገበሬ በበጋ የሚሠራው እርከን፣ ከልቅምት ተጠብቆ የሚያገግም አንድ ተራራ፣ በጎርፍ መውረጃ ላይ የሚካብ አንድ ክትር ለሁለቱም ይጠቅማል። አፈሩ ሲቆም ውኃውም ይሰርጋል፤ ውኃው ሲሰርግ ገደሉ ሥር ያለው ምንጭ እስከ በጋው መጨረሻ ይቆያል። በሰፈራችን ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ከከብት ተጠብቆ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ምንጩ ሚያዝያንም ማለፍ ጀምሯል። እናቴ ስትነግረኝ «ውኃው ተመለሰ» ነው ያለችኝ፤ የተሰደደ ዘመድ የመጣ ይመስል።

ለእኛ ለጋዜጠኞች

በክፍል ውስጥ «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት» ብለን ተምረናል። እንደ እኔ አስተያየት ስለ ገጠር በምንሠራው ዜና «የት» የሚለውን አጥብበን እናየዋለን። የወረዳውን ስም ከጻፍን የጨረስን ይመስለናል። «በስማዳ ወረዳ የውኃ እጥረት ተከሰተ» የሚል ዜና ሐሰት አይደለም፤ ግን አንባቢው ምንም አላወቀም። ሰዎቹ የሚኖሩት ወንዙ በሚታይበት ገደል አናት ላይ መሆኑን፣ ምንጩ ከእርሻው በታች መሆኑን፣ ክረምት ሲገባ ወዲያና ወዲህ ያለው ዘመድ እንደሚቆራረጥ ካልነገርነው «ለምን» የሚለውን አይረዳውም። ያልተረዳ ሰው ያዝናል እንጂ መፍትሔ አያስብም። ያ የሰባራ ድልድይ ፎቶ ያደረገው ይህን ነው። ገመዱን፣ ገደሉንና ሰውየውን በአንድ ላይ አሳየ። የተመለከተው ሰው ምን መሠራት እንዳለበት ወዲያው ገባው።

ለዶርሜ ልጅ ያልመለስኩላትን አሁን ልመልስላት። አዎ፣ ስማዳ በዜና ድርቅ የሚባለው ነው። እሳት የሠራው፣ ወንዝ የቆረጠው፣ ለሦስት ወገን ውኃ የሚያካፍል አገርም ነው። ከጉና በስተምዕራብ የጣለው ዝናብ በርብ አድርጎ ጣና፣ ከዚያ አባይ ይገባል። ከላይ ጋይንት በስተሰሜን የጣለው በተከዜ ወርዶ ሱዳን ውስጥ አትባራ ወንዝ ይገባል። ተለያይተው፣ በየፊናቸው ስንት አገር ዞረው፣ ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አትባራ ከተማ አጠገብ እንደገና ይገናኛሉ። የአንድ ተራራ ልጆች በረሃ ላይ ይገናኛሉ። አክስቴና እኛም በአንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ ሳለን ኅዳርን የማንጠብቅበት ጊዜ ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ከእናንተ መካከል አገሬን ማየት የሚፈልግ ካለ ደጁ ክፍት ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ አትመለሱ። ወደ ታች ውረዱ። ጀሪካን ግን ያዙ፤ ከምንጩ ባዶ እጅ መውጣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ቸር ይግጠመን።